በመዝገቡና በወንዙ መካከል

ውድ አባዬ፣

ጽሕፈቴ ካላማረ እንዳትቆጣኝ። ከረቡዕ ጀምሮ ሰውነቴ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ሻይ ልቅዳ ብዬ ከብርጭቆው ውጪ እቀዳለሁ፤ ቢሮ ሰው ሲጠራኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልደገመ አልሰማም። ትናንት ታናሽ ወንድሜ "ምን ሆነሻል? ጋኔን ያየ ሰው ትመስያለሽ" አለኝ። ሳቅ ብዬ "ደክሞኝ ነው" አልኩት። አልደከመኝም። ደንግጬ ነው፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ልደውልልህ አስቤ ነበር። የእኛን ስልክ ግን ታውቀዋለህ። "ደህና ነህ?" "ደህና ነሽ?" "እግርህን እንዴት አደረገህ?" "ተመስገን" እንባባልና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንዳችን "በል እንግዲህ"፣ "በይ እንግዲህ" እንላለን። ጆሮህ ከደከመ ወዲህ ደግሞ እኔ እጮኻለሁ፣ አንተ "ምን አልሽ?" ትላለህ፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ይህ ደግሞ ተጮኾ የሚነገር ነገር አይደለም። ታናሼ ለሥራ መጥቶ እኔ ጋ ሰንብቷል፤ ነገ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አንተ ይመለሳል፤ በእጁ ልኬልሃለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ አልነገርኩትም። ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ መነጽርህንም አድርግ፤ "ያለሱም አያለሁ" እያልክ መስመር እንዳትዘል።

መልስህን ከሐሙስ በፊት እፈልገዋለሁ። ለምን ሐሙስ እንደሆነ ልንገርህ።

እዚህ ምን እንደምሠራ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬህ አላውቅም። ያው አንተ የሠራህበት መሥሪያ ቤት፣ መዛግብት ክፍል ነኝ። እንደ አንተ ወንዝ ዳር የመለኪያ ዘንግ ያነብቡ የነበሩ አንባቢዎች በእጃቸው የጻፏቸውን የውሃ ከፍታ መዝገቦች ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ። ከክፍሌ በር ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ፎቶህ ተሰቅሏል። ሥሩ "ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ንባብ ሳያጓድሉ" ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር እዚያ ያቆሙትና "ይህ አባ አሥራ ሁለት ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣ ሰማይ ቢደፋ ከመለኪያው ዘንግ ፊት አይጠፋም ነበር" ይሉታል። ከዚያ ዞር ብለው እኔን ያሳዩታል፤ እኔም ፈገግ እላለሁ። እውነቱን ልንገርህ አባዬ፣ በዚያ ፎቶ ፊት ላለፉት ዓመታት ሁሉ መሬት መሬት እያየሁ ነው የማልፈው። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ አመጣዋለሁ።

አሁን በእኛ ወንዝ ላይ ድልድይ ሊሠራ ነው። ከድሮ ቤታችን ዝቅ ብሎ፣ እማዬ ልብስ ታጥብበት ከነበረው ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎን። ማዶው ዛሬ ትልቅ መንደር ሆኗል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ወዲህ ነው። ልጆቹ በበጋ በድንጋይ በድንጋይ ይሻገራሉ፤ ውሃው ሲሞላ ቤት ይቀራሉ። የድልድዩን መሐንዲስ "ሴንቲ" ነው የምንለው፤ የምሳ ዳቦ ሲቆርስ እንኳ በሴንቲሜትር ነው የሚያወራው። ሴንቲ ከእኛ የጠየቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት አርባ አምስት ዓመታት ውስጥ ይህ ወንዝ ከሁሉ በላይ የወጣው እስከ ስንት ነው? መዝገቡ ሦስት ሜትር ከሃያ ይላል። ሴንቲም በዚያ ላይ አንድ ሜትር ጨምሮ የድልድዩን ወለል አራት ሜትር ከሃያ ላይ ነደፈው። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባው ያጸድቀዋል።

አለቃዬ "ለማንኛውም የአባትሽን መዝገብ ከማሽኑ ወረቀት ጋር አስተያዪው፤ ለወጉ ያህል ነው" አለኝ። ማሽኑን መቼም አትረሳውም። በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ በሚዞር ወረቀት ላይ ብዕሩን እየጎተተ፣ የውሃውን ከፍታ ቀንም ሌሊትም ራሱ የሚጽፈው። አንተ ቁልፉ አልነበረህም፤ ቴክኒሻኑ ነበር በወር አንዴ መጥቶ ወረቀቱን የሚቀይረው። እነዚያ ወረቀቶች እንደተጠቀለሉ ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ነበሩ። አቧራቸውን ያራገፍኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አስተያየሁ። አንተና ማሽኑ መንትያ ነበራችሁ። አንተ አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት ስትል ማሽኑም እዚያው ነው፤ አንተ ሁለት ሜትር ከአምስት ስትል እሱም ይከተልሃል። ሳልወድ በግዴ ኮራሁብህ። ረቡዕ ከምሳ መልስ ግን አንድ ጥቅል ብዘረጋ መስመሩ እንደወትሮው ዝግ ብሎ ሲወርድ ቆየና በድንገት ሽቅብ ተተኮሰ። አንድ ቀን ንጋት ላይ አራት ሜትር ከሰማንያ አምስት ደርሷል። የወረቀቱን ጫፍ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ቶሎ ብዬ መዝገብህን ገለጥኩ። የዚያን ቀን ጠዋት፣ አንድ ሜትር ከአርባ አንድ። ማታ፣ አንድ ሜትር ከአርባ አንድ። በማግስቱ፣ አንድ ሜትር ከአርባ። ያው የማውቀው ቆንጆ ጽሕፈትህ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ክው አልኩ።

ወረቀቱ ጥግ ላይ "መሣሪያው ተበላሽቶ ስለነበር አይሠራበትም" የሚል ማኅተም አየሁና "እፎይ፣ ለካ ማሽኑ ነው" አልኩ። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን መዝገብህና ማሽኑ የማይስማሙት ለአሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእነዚያ ቀኖች በፊት ብዕሩ አንዲት ሴንቲሜትር አልሳተም፤ ከእነሱ በኋላም አልሳተም። ማንም ሳይነካው ተበላሽቶ፣ ማንም ሳይነካው የዳነ ማሽን አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀኖቹን አነበብኩ። ቀኖቹን ለማወቅ ማንበብም አያስፈልገኝም ነበር። በስምንት ዓመቴ ማጅራት ገትር ይዞኝ ሆስፒታል የተኛሁባቸው አሥራ አንድ ቀኖች ናቸው። 

እስከዛሬ በአፌ ያላወጣሁትን አሁን ልናገር። እነዚያን አሥራ አንድ ቀኖች ይቅር ብዬህ አላውቅም። እማዬ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ ነበር የምታድረው። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር "አባዬስ?" እላታለሁ። "ሥራ ላይ ነው የእኔ እናት፤ ወንዙን ለማን ይተወዋል?" ትለኛለች። ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ ፉጨትህን እሰማ ነበር፤ ማታ ከወንዝ ስትመለስ የምታፏጫትን፣ መጨረሻዋ ላይ ከፍ የምትለዋን። ለእማዬ ስነግራት "ትኩሳቱ ነው" ብላ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰኛለች። ከዳንኩ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ቤታችን እየመጣ "ልጁ ሞት አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ንባብ ያላጓደለ ሰው!" እያለ ያሞግስሃል። አንተ አንገትህን ትደፋለህ። እኔም በልቤ "ወንዝህን አግባ" እልህ ነበር። ርቄ የተማርኩት፣ ሠርጌ ቀን ስትስመኝ ጉንጬን ብቻ የሰጠሁህ፣ ስልካችን ሁለት ደቂቃ የማይሞላው በሌላ አይደለም።

ከአንተ ጋር ያለኝ አንድ ደስ የሚል ትዝታ ነበር። አንድ ብቻ። ከሆስፒታል በወጣሁ በሁለተኛው ወር አካባቢ፣ ሆስፒታል የላጩኝ ጸጉሬ ገና ሳያድግ፣ ከእንግሊዝኛ መምህሩ መዝገበ ቃላት ተውሰህ መጣህ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠኸኝ ደብተሬ ላይ አንድ ረጅም ቃል በእርሳስ ጻፍክልኝ፤ ዲስክሬፓንሲ። "በይ፣ ከእኔ ጋር" አልክና እየቆራረጥክ አስባልከኝ። ዲስ፣ ክሬ፣ ፓን፣ ሲ። እኔ ምላሴ ሲወላገድ እማዬ ከጓዳ ሆና ትስቃለች።

"ልዩነት ማለት ነው?" አልኩህ።

"አይደለም። ይህ ብርጭቆ ሰማያዊ ነው፣ ያኛው ቀይ ነው፤ ይህ ልዩነት ነው፣ ማንንም አያስጨንቅም። ዲስክሬፓንሲ ግን አንድ መሆን የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አንድ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። እናትሽ ስድስት ማንኪያ አለን ትላለች። አንቺ ስትቆጥሪ አምስት ሆነ። በእናትሽ ስድስትና በአንቺ አምስት መካከል ያለው እሱ ነው።"

"ታዲያ የተሳሳተው ማነው?"

"ቃሉ እሱን አይናገርም። ለዚህ ነው ጥሩ ቃል የሆነው። ማንንም አይሳደብም። 'እነዚህ ሁለቱ አልተስማሙም፣ ሂዱና እንደገና እዩ' ነው የሚለው። ደግሞም ብቻውን አይቆምም፤ ሁልጊዜ 'በዚህና በዚያ መካከል' ብለሽ ነው የምትጠቀሚበት። ሁለት ወገን ይፈልጋል።"

"ውሸት ማለትስ አይደለም?"

"አይደለም አልኩሽ!" ብለህ ጮኽክብኝ። ሻይህም ተደፋ። እማዬ ከጓዳ መሳቋን አቆመች። ወዲያው ግን ረጋ ብለህ "ተነሺ፣ ማንኪያዎቹን እንቁጠር" አልከኝ። ቆጠርን። ስድስተኛው ስኳር ጣሳ ውስጥ ተቀብሮ አገኘነው፤ ብድግ አድርገህ ወደ ላይ ወረወርከኝ፤ ጣሪያ የነካሁ መሰለኝ። ያንን ቃል ይዤ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት። ለዚህ ሥራ ስፈተን "ዲስክሬፓንሲ ምንድነው?" ብለው ሲጠይቁኝ የማንኪያውን ነገር ተናግሬ ነው ያለፍኩት፤ ፈታኞቹ በሳቅ ሞተዋል።

ባለፈው ሐሙስ የግል ማህደርህን ማንንም ሳላስፈቅድ አስወጣሁ። ጥፋት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጅህ ብሆንም እቀጣበታለሁ። ከማህደሩ መሐል ሦስት ወረቀቶች በአንድ እስፒል ተያይዘው ነበር።

የመጀመሪያው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣልህ ደብዳቤ ነው። ያኔ የውጭ አገር አማካሪ ስለነበራቸው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ሁለት መስመር ብቻ ነው። በመዝገብህና በማሽኑ መካከል ያለውን ዲስክሬፓንሲ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስረዳ ይላል። ቃሉ ሥር በእርሳስ ተሰምሮበታል። መስመሩ የአንተ ነው፤ እርሳስ ጫን አድርገህ ስለምታሰምር ወረቀቱ ከኋላ በኩል ጎድጉዷል። አባዬ፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ለካ ቃሉን ለእኔ ብለህ አልነበረም ያመጣኸው። ምን ብለው እንደከሰሱህ ስላልገባህ ነው መዝገበ ቃላት የተዋስከው። በዓለም ላይ ከአንተ ጋር ያለኝ አንዲት ጥሩ ቀን፣ አንተ መውጫ ቀዳዳ ስትፈልግ የዋልክባት ቀን ነበረች።

ሁለተኛው መልስህ ነው። "በተባሉት ቀናት ውሃው ከፍ አላለም። ንባቡን በሥፍራው ተገኝቼ ወስጃለሁ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው።" ሦስት ዓረፍተ ነገር። ሦስቱም ውሸት።

ሦስተኛው ነገሩን ሊያጣራ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ ማስታወሻ ነው። እሱን ካነበብኩ በኋላ ያን ቀን ከሰዓት ሥራ አልሠራሁም፤ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። "ጉዳዩን በአካል ተገኝቼ አጣርቻለሁ። የስምንት ዓመት ሴት ልጃቸውም አባቷ ከሥራ ቦታቸው እንዳልተለዩ አረጋግጣለች" ይላል።

ትዝ አለኝ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው፣ ከረሜላ የሰጠኝ ሰውዬ። "ሆስፒታል ሳለሽ አባትሽ ይመጣ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ያ ሁሉ እልህ አንቆኝ "አንድም ቀን አልመጣም!" ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ራሴን ዳበሰኝ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። ፊትህን ያኔ አይቼው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አሁን ግን ገባኝ። ለካ እኔ ስወቅስህ ምስክርህ ሆኜልህ ነበር። ማሽኑን ያስወገዘው፣ ያንን ማኅተም ያስመታው፣ ያንተ ቃልና የእኔ ለቅሶ ነው።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ጋ ሄድኩ። እማዬ የለችም፣ ከእሷ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ? ያው እንደምታውቃት ናት፤ አፏ ሙሉ መርፌ ይዛ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ትቀመቅማለች።

"አክስቴ፣ እኔ ሆስፒታል ሳለሁ አባዬ የት ነበር?"

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና መሰኪያው ላይ ሰካቻቸው። "ምን አስታወሰሽ ደግሞ?"

"ንገሪኝ።"

"ወይ ጉድ! እናትሽ ሳትነግርሽ ነው እንዴ የሞተችው?"

"ምኑን?"

"እዚያው ነበራ! የት ይሄዳል? አሥራ አንድ ቀን ሙሉ መስኮትሽ ሥር!"

"አትቀልጂ።"

"በልጆቼ! በሽታው ተላላፊ ነው ብለው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ያስገቡት። እናትሽ ገባች፣ እሱ ውጪ ቀረ። መስኮቱ ረጅም፣ እሱ አጭር። ድንጋይ ደራርቦ ሊወጣ ሲል ዘበኛው ጎትቶ አወረደው። ከዚያ ማፏጨት ጀመረልሽ። 'ከሰማችኝ ትነቃለች' ይላል። ምሳ ስወስድለት ሳህኑን ይዞ ያፏጫል። ዘበኛው በመጨረሻ ቢሰለቸው 'ኧረ ሰውዬ፣ ዜማ እንኳ ቀይር!' አለው።" ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች።

"ወንዙስ?"

"በየቀኑ ፖስታ ቤት እየሄደ ለመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ይደውል ነበር።"

"የምን ቁጥር?"

"የወንዙን ነዋ!"

"ከተማ ሆኖ?"

"ስልክ ከየት እንደተደወለ ይናገራል እንዴ? 'በጋ ነው፣ ውሃው በቀን አንዲት ጣት ነው የሚቀንሰው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ' ይል ነበር። ምን ያድርግ? ፈቃድ ቢጠይቅ 'ተተኪ ሲገኝ' አሉት። ጥሎ ቢሄድ ደግሞ ሥራውም ቤታችሁም ይሄዳል፤ ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ አይደል? ለአንቺማ እንዴት ይነገራል፣ ልጅ አፏን አትይዝም። ስታድግ ይነግራታል ተባብለን ነበር። እሱ ደግሞ... እንጃ፣ አፍሮ ይሆናል።"

"ጎርፍ እንደነበረ አውቋል?"

አክስቴ ቀሚሱን ወደ ጎን አደረገችው። "የተመለሰ ዕለት ከዘንጉ አጠገብ ያለው ዛፍ ላይ፣ ከራሱ በላይ፣ ገለባ ተንጠልጥሎ አየ። ለእናትሽ 'ጎርፍ መጥቶ ሄዷል፣ እኔ አልነበርኩም' አላት። ቁጥሩ ግን አንዴ ተደውሏል። ምን ብሎ ይመልሰዋል?"

አባዬ፣ ከአክስቴ ቤት ወጥቼ አውቶቡሱን ሁለት ጊዜ አሳለፍኩት። አንዴ "መጥቶ ነበር!" እልና ዕንባዬ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ "ገለባውን አይቶ ዝም አለ!" እልና ደሜ ይፈላል። ከተማ ተቀምጠህ የወንዝ ቁጥር መደወልህን ይቅር እላለሁ፤ ለእኔ ብለህ ነው። ገለባውን ካየህ በኋላ "ውሃው ከፍ አላለም" ብለህ መጻፍህ ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። ያኔ ማዶው ጫካ ነበር፣ ማንም አልተጎዳም፤ እሱ እውነት ነው። አንተም እንዲህ ብለህ ራስህን ሳታጽናና አልቀረህም። እኔን ያስለቀስከኝ ሠላሳ ሁለት ዓመትስ? እውነቱን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ በአንገትህ ላይ ተጠምጥሜ አልለቅህም ነበር። አሁን ግን አንተ ሰባ ስድስት፣ እኔ አርባ ዓመቴ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቶቹን አይቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ፎቶህ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ድምፁ ደክሟል።

"ማሽኑ ተበላሽቷል ያለው አንባቢው ነው" አለኝ። "ያንን ቃል ማንሳት የሚችለውም አንባቢው ብቻ ነው። 'አክስቴ ነገረችኝ' ብለሽ የድልድይ ንድፍ አታስቀይሪም። አባትሽ በሕይወት አሉ፣ አይደለም?"

"አሉ።"

"እንግዲያው በእጃቸው ይጻፉልን። አለዚያ ሐሙስ ያው መዝገቡ ነው የሚጸድቀው።"

ሴንቲን አስጠራው። ሴንቲ ገና "አራት ሰማንያ አምስት" ሲባል እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። ሒሳቡን ለመሥራት ወረቀትም አልፈለገም። "ከድልድዩ ወለል በላይ ስልሳ አምስት ሴንቲሜትር" አለ። ከዚያ እጁን ወገቡ አካባቢ አድርጎ "የአንደኛ ክፍል ልጅ ቁመቱ እዚህ ድረስ ነው፤ ውሃው ወገቡን ያልፋል" አለን። 

እንግዲህ የምለምንህ ይህ ነው። ከደብዳቤው ጋር ሁለት ቅጽ አለ፤ የንባብ ማረሚያ ይባላል። አንዱ የአንተ ነው። ቀኖቹን ሞልቼልሃለሁ። "ምክንያት" የሚለውን ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱን ሌላ ሰው ሊሞላልህ አይችልም። የት እንደነበርክ ጻፍና ፈርም። ታናሼ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ዕለቱኑ ይልክልኛል፤ ዋናው ወረቀት በኋላ ይደርሳል። ፎቶህ ከኮሪደሩ ይወርዳል፣ ይህን አልደብቅህም። ጡረታህን ማንም አይነካም፤ አለቃዬን ሁለቴ ጠይቄዋለሁ። ስምህን ግን ይነካዋል። "አባ አሥራ ሁለት" ብለው የሚስቁብህ ይኖራሉ፤ እኔ ባለሁበት ግን አይስቁም።

ብትፈርምም ባትፈርምም ሐሙስ ስብሰባው ላይ ቆሜ የማውቀውን እናገራለሁ። ይህን ማስፈራሪያ አታድርገው። ብቻዬን ከሆንኩ ላያምኑኝ ይችላሉ፤ ቃሉ ሁለት ወገን ይፈልጋል ብለኸኝ የለም?

ሁለተኛው ቅጽ የእኔ ነው። ሞልቼ ፈርሜበታለሁ፤ እንድታየው ብዬ ነው ቅጂውን የላክሁልህ። አለቃዬ "አንቺ አንባቢ አይደለሽም፣ ቅጽ መሙላት አይመለከትሽም" ብሎኝ ነበር። ማህደሩ ውስጥ ቃሌ አለ፤ ይመለከተኛል አልኩት። እንዲህ ነው የጻፍኩት፦ "በስምንት ዓመቴ፣ አባቴ ሆስፒታል አንድም ቀን እንዳልመጣ ለተቆጣጣሪው ተናግሬ ነበር። ተሳስቼ ነው። አባቴ አሥራ አንዱንም ቀን እዚያው ነበር። እኔም ሰምቼው ነበር፤ ትኩሳት መስሎኝ ነው።"

የአንተ ምን እንደሚል ሐሙስ እናያለን። ቅዳሜ ግን የፈለገው ቢሆን እመጣለሁ። በሩን ባንኳኳ አትሰማም፣ ማፏጨትም አልችልበትም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዙረህ ጠብቀኝ። መስኮትህ ሥር ቆሜ እጄን አውለበልብልሃለሁ። ቀና ብለህ እየኝና በሩን ክፈትልኝ።

ፉጨትህን የሰማችው
ልጅህ